የራትልስኔክ ሥዕል፦ ጅራቱ ብቻ አይበቃም

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1821 በሉዊዚያና አንድ ሠዓሊ የሞተ ራትልስኔክ ከፊቱ ዘርግቶ ይሥል ነበር። ሙቀቱ ብርቱ ስለነበር ሬሳው ቶሎ መበላሸት ጀመረ፤ ሠዓሊውም በሥራው ላይ ከ16 ሰዓታት በላይ መቆየት እንዳልቻለ በዕለት ማስታወሻው ላይ አስፍሯል። ሰውየው ኋላ «የአሜሪካ ወፎች» በተሰኘው ግዙፍ መጽሐፉ ስሙ የገነነው ጆን ጄምስ አውዱቦን ነው። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ራትልስኔክ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሞኪንግበርድ ወፎችን ጎጆ ሲያጠቃ የሚያሳይ ሥዕል ታተመ። ተቺዎችም ወዲያው ተነሡበት። ይህ እባብ ዛፍ አይወጣም አሉ፤ የመርዝ ጥርሱም በሥዕሉ እንደሚታየው አይጎብጥም አሉ። ከተቺዎቹ ግንባር ቀደሙ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዋተርተን ነበር።

በዛፉ ጉዳይ የተሳሳቱት ተቺዎቹ ናቸው። ቲምበር ራትልስኔክ የሚባለው የምሥራቅ አሜሪካ ዝርያ አልፎ አልፎ ዛፍ ላይ እንደሚወጣ ከዚያ ወዲህ የመጡ አጥኚዎች አይተው መዝግበዋል። ክርክሩ ግን ራሱን የቻለ ቁም ነገር ይዟል። በዚያ ዘመን የእባብ ሥዕል ለጌጥ የሚታይ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ፍርድ ቤት እንደ ቀረበ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለት ነበር።

ዛሬ ያን ያህል የሚጠይቅ የለም። ይህን እባብ ለመሣል እርሳስ የሚያነሣ ሰው፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ካርቱን ነው፦ የውኃ ጎማ የመሰለ አካል፣ ሦስት ማዕዘን ራስ፣ ከተከፈተ አፍ የተዘረጋ መንታ ምላስ፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ ዶቃዎች። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም።

ስሕተቱ ወረቀቱ ላይ ብቻ ቢቀር ግድ ባልሰጠ ነበር። ይሁንና ሰው ሜዳ ላይ ያየውን እባብ የሚለየው በአእምሮው በያዘው ሥዕል ነው። ከዳላስ እስከ ፊኒክስ፣ ከዴንቨር እስከ ላስ ቬጋስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህ እንስሳ የተረት ፍጡር ሳይሆን ከከተማው ዳርቻ የሚኖር ጎረቤት ነው። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያሉትም ለሽርሽር በሚወጡበት በሸናንዶዋ ተራራ ቲምበር ራትልስኔክ አለ። አፍሪካ፣ አውሮፓና እስያ ግን አንድም ራትልስኔክ የላቸውም፤ የእነዚህ እባቦች አገር አሜሪካ ብቻ ነው፤ ከደቡብ ካናዳ እስከ አርጀንቲና ይገኛሉ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ስለዚህ እባብ ከቤቱ ይዞት የሚሄደው ዕውቀት የለም፤ ያለው ከፊልም ያገኘው ምስል ነው።

ቃጭል ወይስ ጸናጽል?

ሥዕሉን ከጅራቱ መጀመር የተለመደ ስለሆነ ከዚያው እንነሣ። እንግሊዝኛው ስም ሲነቀነቅ የሚንኮሻኮሽን ነገር ያመለክታል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ደግሞ «ካስካቤል» ይሉታል፤ ትንሽ ቃጭል ማለት ነው። ቃጭል ግን በሆዱ ውስጥ የሚመታ ነገር አለው፤ ድምፅ የሚሰጠውም እሱ ግድግዳውን ሲመታ ነው። የእባቡ ጅራት ባዶ ነው፤ ምላስም ጠጠርም የለበትም። ድምፁ የሚወጣው ላላ ብለው የተያያዙት አንጓዎች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ነው።

ድንክ ራትልስኔኮችን ለያዘው ወገን የሳይንስ ሊቃውንት የሰጡት ስም ወደ እውነታው ይቀርባል። «ሲስትሩረስ» ይባላል፤ የቃሉ ሥር ከጥንታዊቱ ግብጽ የዜማ መሣሪያ ከሲስትረም ስም ጋር አንድ ነው። ሲስትረም ማለት ደግሞ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ዛሬም የማይለየው ጸናጽል ነው። በጸናጽል ዘንግ ላይ የተሰኩት ቅጠሎች በመጋጨት እንጂ በሌላ መቺ አይጮኹም። ስለዚህ ለዚህ እንስሳ የአማርኛ ስም ካስፈለገ «ባለጸናጽል እባብ» ከ«ባለቃጭል» ይልቅ አሠራሩን ይገልጻል። ሠዓሊውም ይህን ከያዘ የመጀመሪያውን ስሕተት ያመልጣል።

ጸናጽሉ የሚሠራው ከኬራቲን ነው፤ የሰው ጥፍር የሚሠራበት ቁስ ማለት ነው። ሕፃኑ እባብ ሲወለድ በጅራቱ ጫፍ አንዲት ለስላሳ ጉብታ ብቻ አለችው። ከተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጀመሪያ ቆዳውን ሲጥል «ቁልፍ» የምትባለው የመጀመሪያዋ አንጓ ትቀራለች። አንዲት አንጓ ብቻዋን የምትጋጨው ነገር ስለሌላት ድምፅ የላትም። ከዚያ በኋላ እባቡ ቆዳውን በቀየረ ቁጥር በጅራቱ ሥር አንዲት አዲስ አንጓ ትጨመራለች፤ አሮጌዎቹ ወደ ጫፍ ይገፋሉ። የእያንዳንዷ አንጓ የኋላ ክፍል በፊተኛዋ ሆድ ውስጥ ተሰክቶ የተቆለፈ በመሆኑ ከውጭ የሚታየው ከፊሏ ብቻ ነው። ኩባያ በኩባያ ውስጥ ተደራርቦ ጠርዙ ብቻ እንደሚታይ ነው።

እንግዲህ ዶቃ መደርደር አይሆንም። አንጓዎቹ ድቡልቡል አይደሉም፤ ከጎንና ከጎን ተጨፍልቀው፣ ከጎን ሲታዩ ሰፋ፣ ከላይ ሲታዩ ጠበብ ይላሉ። በጎናቸውም መሐል ለመሐል የሚሄድ ቦይ አላቸው። የወጣት እባብ ጸናጽል ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የጫፉ አንጓዎች የተሠሩት እባቡ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ዕድገቱን የጨረሰ እባብ የጫፉ አንጓዎች ብዙውን ጊዜ ተሰብረው ስለሚወድቁ ጸናጽሉ ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ስፋት ይኖረዋል፤ ጫፉ ላይም ቁልፏ አትገኝም። አንድ ሠዓሊ ይህን ብቻ በትክክል ቢያሳይ የእባቡን ዕድሜ ያለ ጽሑፍ ተናገረ ማለት ነው።

ዕድሜን በአንጓ መቁጠር የሚለው የቆየ እምነት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ስሕተትም ነው። እባቡ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ቆዳውን ሊቀይር ይችላል፤ አንጓዎቹም ይሰበራሉ። ከአሥራ ሁለት በላይ አንጓ ይዞ የሚኖር የዱር ራትልስኔክ ብርቅ ነው።

በዚህ ረገድ ታሪክ አንድ ደስ የሚል ምሳሌ ትቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1775 በፔንሲልቬንያ ጆርናል ጋዜጣ ላይ ስሙን ያልገለጸ ሰው፣ በአዲሶቹ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች ከበሮ ላይ ስለተሣለ ራትልስኔክ ጻፈ። የጽሑፉ ባለቤት ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ጸሐፊው አንጓዎቹን ቆጥሮ 13 ሆነው አገኛቸው፤ ልክ እንደ ቅኝ ግዛቶቹ ቁጥር። አንዲቷ አንጓ ብቻዋን ድምፅ እንደማታወጣ፣ ሁሉም ሲተባበሩ ግን ደፋሩን ሁሉ እንደሚያስደነግጡ አከለበት። ፖለቲካው የራሱ ነው፤ የአሠራሩ መግለጫ ግን ከዛሬው ሳይንስ ጋር ይስማማል።

ድምፁን መሣል አይቻልም፤ እንቅስቃሴውን ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከረንት ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንድ ነገር ወደ እባቡ ሲቀርብ የጅራቱ ፍጥነት ቀስ በቀስ በሰከንድ ወደ 40 ጊዜ ገደማ ያድግና ከዚያ በድንገት ከ60 እስከ 100 ጊዜ ወዳለው ይዘላል። ድምፁን የሚሰሙ ሰዎች ያን ጊዜ እባቡ በእርግጥ ካለበት ይልቅ የቀረባቸው ይመስላቸዋል። በዚህ ፍጥነት የሚርገበገብን ጅራት ዓይን አንጓ በአንጓ ለይቶ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ እባቡ ተጠቅልሎ፣ ራሱን አንሥቶ እያስጠነቀቀ ከሆነ የጸናጽሉ ጠርዝ መደብዘዝ አለበት። ሲሳብ የሚታይ ከሆነ ግን ጸናጽሉ ጥርት ብሎ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይሣላል፤ እባቡ በጉዞ ላይ እንዳያልቅበት ያነሣዋልና።

በዓይንና በአፍንጫ መካከል

የራትልስኔክ ዋና መታወቂያው ጅራቱ ነው ቢባልም፣ ልምድ ያለው ሠዓሊ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው በራሱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጎን በዓይኑና በአፍንጫው ቀዳዳ መካከል፣ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ አንዲት ጥልቅ ጉድጓድ አለች። ካርቱን ይህችን ጉድጓድ አያውቃትም። ብዙ ጀማሪዎችም የአፍንጫ ቀዳዳ መስላቸው ያልፏታል።

እ.ኤ.አ. በ1683 እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ታይሰን ለንደን ውስጥ አንድ ራትልስኔክ ቀዶ መረመረ፤ ውጤቱንም በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ አወጣ። ጉድጓዶቹን አይቷል፤ በመጀመሪያ ጆሮ መስለውት ነበር። ምንነታቸውን ሳያውቅ መኖራቸውን ግን መዘገበ። ሙቀትን የሚለዩ መሆናቸውን ኖብልና ሽሚት የተባሉ ተመራማሪዎች በሙከራ ያሳዩት በ1937 ነው፤ 254 ዓመታት ቆይቶ ማለት ነው። በ2010 ደግሞ በካሊፎርኒያ የዴቪድ ጁሊየስ ላቦራቶሪ ሙቀቱን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጠውን ፕሮቲን ለየ። ጁሊየስ በሙቀት ስሜት ላይ ባደረገው ምርምር በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ከዚህ ታሪክ ሠዓሊን የሚመለከተው ክፍል ግልጽ ነው። ያየውን በታማኝነት ያሰፈረ ሰው፣ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ባያውቅም፣ ለኋለኞቹ የሚሆን ማስረጃ ይተዋል። ትርጉም ያልሰጠውን ነገር «አላስፈላጊ ዝርዝር» ብሎ የሚተው ሠዓሊ ደግሞ ከእባቡ ላይ አንድ የስሜት ሕዋስ ይቆርጣል።

ጉድጓዷ ባለ ስስ ሽፋን ናት፤ ሽፋኑ በውስጧ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ፣ ከፊቱም ከኋላውም አየር አለው። አነስተኛ ስለሆነና ስለማያርፍ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የሙቀት መለኪያ ለመሥራት የሚፈልግ መሐንዲስም ከዚህ የተሻለ ቅርጽ አያስብም። በሥዕል ላይ ጉድጓዷ ወደ ፊት እንድታይ ሆና፣ ጥላዋ ጠቆር ብሎ መታየት አለበት፤ ከአፍንጫው ቀዳዳ ትሰፋለች።

ዓይኑ የቁጡ ሰው ዓይን የሚመስለው ከላዩ ያለው ሰፊ ቅርፊት እንደ ቤት ጉልላት ክፈፍ ወጣ ስለሚል ነው። እባቡ አልተቆጣም፤ ሲተኛም ፊቱ ያው ነው። የዓይን ሽፋን ስለሌለው ዓይኑን አይጨፍንም። ብሌኑ በብርሃን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው፤ በጨለማ ግን ይከፈትና ክብ ይሆናል። ስለዚህ በሌሊት ትዕይንት ላይ የሚሣል ቀጭን ብሌን ስሕተት ነው።

ምላሱ የሚወጣው አፉ ሳይከፈት ነው። በላይኛው ከንፈር መሐል ለዚሁ የተተወች ጎደሎ አለች። እባቡ ምላሱን የሚያወጣው ሽታ ለመቅሰም ነው፤ አፉን ከፍቶ ሲነድፍ ምላሱ በታችኛው መንጋጋ ባለው ሰገባ ውስጥ ተከቶ ይቆያል። በአንድ ሥዕል ላይ የተከፈተ አፍ፣ የተዘረጋ የመርዝ ጥርስና የሚወዛወዝ ምላስ አንድ ላይ ካሉ፣ ሠዓሊው ሁለት የተለያዩ ጊዜያትን አዳቅሏል። የመርዝ ጥርሶቹም አፉ ሲዘጋ ወደ ኋላ ታጥፈው ከላንቃው ሥር ይተኛሉ፤ እንደ ሰንጢ። ከተዘጋ አፍ ወደ ታች የወረደ ጥርስ የፊልም ፈጠራ ነው።

ቅርፊት የቆጠረው መሐንዲስ

ስለ ራትልስኔክ እስከ ዛሬ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1956 በሁለት ቅጽ የታተመው የሎረንስ ክላውበር ሥራ ነው። ክላውበር በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ የሳን ዲዬጎ የጋዝና የኤሌክትሪክ ኩባንያ መሪ እስከ መሆን ደርሷል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን እባብ ይሰበስባል፣ ይለካል፣ ቅርፊት ይቆጥራል። ቁጥሮቹንም በስታትስቲክስ ይመረምራል። ለኃይል ማመንጫ የሚገባውን ትዕግሥት ለእባብ ሰጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቅርፊት መቁጠር ለሥዕልም መሠረት ነው። የእባብ ቅርፊት በዘፈቀደ የተበተነ አይደለም፤ በሰያፍ የሚሄዱ ሁለት የመስመር ቤተሰቦች፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ አካሉን እየዞሩ ሲቋረጡ የሚፈጥሩት መረብ ነው። ዌስተርን ዳይመንድባክ በሚባለው የቴክሳስና የአሪዞና ዝርያ የወገቡ ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 27 ረድፍ ቅርፊት አለው። በእያንዳንዱ የጀርባ ቅርፊት መሐል እንደ ቤት ጣሪያ ከፍ ያለ መስመር ይሄዳል። ራትልስኔክ የማያንጸባርቅ፣ አቧራ የለበሰ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያብረቀርቅ ጎማ አድርጎ የሣለው ሰው ሌላ እባብ ሣለ። በሆዱ በኩል ግን ቅርፊቱ ሰፋፊ ሆኖ በአንድ ረድፍ እንደ መሰላል ይደረደራል፤ እያንዳንዱ የሆድ ቅርፊት ከአንድ የአከርካሪ አጥንትና ከአንድ ጥንድ የጎድን አጥንት ጋር ይያያዛል።

ስለዚህ በትክክል መሣል የሚሻ ሰው ከቆዳው ሳይሆን ከአጥንቱ ይጀምራል። መጀመሪያ አከርካሪውን በቀላል መስመር ይዘረጋል፤ መስመሩ የእባቡን መታጠፊያ ሁሉ ይከተል፣ ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ አይቀጭ። ከዚያ በመስመሩ ላይ በየተወሰነ ርቀት የአካሉን ውፍረት የሚያሳዩ ክቦች ይደረደራሉ፦ አንገቱ ዘንድ ጠበብ፣ መሐሉ ላይ ሰፋ፣ ወደ ጅራቱ በፍጥነት ቀጠን። ራትልስኔክ ወፍራም እባብ ነው፤ ጅራቱም ከአካሉ አንጻር አጭር ነው። አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ ሲያልፍ፣ የተሸፈነው ክፍል ጭምር በስሱ መሣል አለበት፤ በምሕንድስና ንድፍ የማይታይ ጠርዝ በተቆራረጠ መስመር እንደሚሣለው ማለት ነው። ይህን የዘለለ ሥዕል ላይ አካሉ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ሲወጣ አይገጥምም፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑን ይቆረቁረዋል።

መረቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም ቀለሙ። የዳይመንድባክ ጀርባ ላይ ያሉት የአልማዝ ቅርጾች በቅርፊት የተሠሩ ናቸው፤ ጥልፍ በክር ቆጠራ እንደሚሠራ፣ ጠርዛቸው ቅርፊት በቅርፊት ደረጃ እየሠራ ይሄዳል። የአልማዙ መሐል ሁልጊዜ አከርካሪው ላይ ይውላል። አካሉ ወደ ጎን ሲዞር ግማሹ ብቻ ይታያል እንጂ አልማዙ ወደ ተመልካቹ አይከተልም። ጅራቱ ላይ አልማዙ ያበቃና ጥቁርና ነጭ ቀለበቶች ይተኩታል። ቲምበር ራትልስኔክ ግን አልማዝ የለውም፤ ጀርባውን የሚያቋርጡ ጥቁር ስብርባሪ መስመሮችና ጥቁር ጅራት አሉት። «ራትልስኔክ ሁሉ አልማዝ ለባሽ ነው» የሚል ሥዕል ለቨርጂኒያ ነዋሪ አይረዳውም።

የስሕተት ዋጋ

ጎፈር ስኔክ የሚባል መርዝ የሌለው እባብ በምዕራብ አሜሪካ ይኖራል፤ አይጥ ስለሚበላ ለገበሬ ባለውለታ ነው። ሲፈራ ራሱን አሰፍቶ ሦስት ማዕዘን ያስመስላል፤ ጅራቱንም በደረቅ ቅጠል ላይ ያርገበግባል። በካርቱን የሠለጠነ ዓይን ሦስት ማዕዘን ራስና የሚንኮሻኮሽ ጅራት ብቻ ስለሚፈልግ ፍርዱ ይታወቃል፤ እባቡ በአካፋ ይሞታል። በተቃራኒው፣ ድምፅ የሌላት ቁልፍ ብቻ ያለችው የራትልስኔክ ግልገል «ጸናጽል የለውም» ተብሎ በእጅ ሊነሣ ይችላል፤ ግልገሉ ግን ከተወለደ ጀምሮ መርዝ አለው። እንዲያውም በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ባለችው የሳንታ ካታሊና ደሴት የሚኖረው ራትልስኔክ አድጎም ጸናጽል የለውም፤ አንጓው ከቆዳው ጋር አብሮ ይወድቃል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው በየዓመቱ ከ7,000 እስከ 8,000 ሰዎች በመርዛማ እባብ ይነደፋሉ፤ የሚሞቱት 5 ያህል ናቸው። ሕክምናው ከተገኘ ሞት ጥቂት ነው፤ የእጅ ወይም የእግር ጉዳት ግን ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። በአገር ቤት የለመድነው ከቁስሉ በላይ አጥብቆ ማሰር፣ መብጣትና መምጠጥ አይመከርም፤ ወደ 911 መደወልና ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ይሻላል። እባቡን ይዞ ሆስፒታል መሄድም አያስፈልግም፤ በአሜሪካ የሚሰጡት መድኃኒቶች ለራትልስኔኮችና ለቅርብ ዘመዶቻቸው በአንድነት ይሠራሉ። የተቆረጠ ራስ እንኳ ሊናደፍ ስለሚችል የሞተ እባብ ለሥዕል ብሎ ማንሣት አይገባም። ለሥዕል የሚሆነው እባብ ከመስታወት ጀርባ ያለው የእንስሳት ማቆያ እባብ፣ የሙዚየም ናሙና ወይም ከሩቅ የተነሣ ጥሩ ፎቶግራፍ ነው።

ኢትዮጵያ ራትልስኔክ ባይኖራትም ይኸው የቅርፊት ቆጠራ እዚያም ሥራ ላይ ውሏል። የራትልስኔክ የሩቅ ዘመድ የሆነው የእፉኝት ወገን በአገሪቱ ብዙ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነሱም አንዱ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የተራራ እፉኝት ነው። በ2016 ተመራማሪዎች ከባሌ ተራሮች የተገኘ ናሙና ከዚህ እፉኝት በቆዳው ንድፍና በቅርፊቱ ዝርዝር እንደሚለይ አሳይተው፣ በሐረና ደን ስም አዲስ ዝርያ ብለው ሰየሙት። ሁለቱንም ለመሣል የሚነሣ ሰው መረቡን እንደ ራትልስኔኩ ይዘረጋል፤ በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ግን ጉድጓድ አይቆፍርም፣ አጭሩን ጅራትም ያለ ጸናጽል በሹል ጫፍ ይጨርሰዋል።